ልጆቻችን ሌክሬን የሚሰሙት ለቢቱ ብለው ብቻ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ በአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድም መንፈሳዊ ራፕ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሌክሬ የተባለው አሜሪካዊ ራፐርም የጭፈራ ቤት ሙዚቃን በጥቅስ ሸፍኖ ለልጆቻችን እንዳቀረበ ጽፈዋል። ለቤተ ክርስቲያን ተቆርቁረው መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። የሰውየውን ሕይወት ግን ከቢቱ፣ ማለትም ከሙዚቃው ምት፣ አልፈው አላዩትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

እኔ በዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የምኖር፣ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት የምሠራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአንዲት የኢትዮጵያውያን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን የማገለግል የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሌክሬን ያወቅሁት በእነዚሁ ወጣቶች በኩል ነው። በሚሰሙት ነገር ላይ ሐሳብ ከመስጠቴ በፊት እኔም መስማት አለብኝ ብዬ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሥራውንም ቃለ ምልልሱንም እከታተላለሁ።

ሙሉ ስሙ ሌክሬ ዴቮን ሙር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሂዩስተን ተወለደ። አባቱ በዕፅ ሱስ ተይዞ ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ ልጁም አባቱን ሳያውቅ አደገ። እናቱ ብቻዋን ስታሳድገው ኑሯቸው ከሂዩስተን ሌላ ሳን ዲዬጎን፣ ዴንቨርንና ይህን የኛን ዳላስን ያዳረሰ ነበር። በልጅነቱ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶበታል። ወንድ መሆንን የተማረው ከሰፈሩ የወሮበላ ቡድን ጋር ከሚውሉ ዘመዶቹና በቴሌቪዥን ከሚያያቸው ራፐሮች ነው።

ሃይ ስኩል ሳለ ዕፅ ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የአያቱን መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ክታብ ይዞ ይዞር እንደነበር ራሱ ይናገራል፤ ይጠብቀኛል ብሎ ከእጁ አይለየውም እንጂ አያነበውም። አንድ ቀን ፖሊስ ከነዕፁ ያዘው። ፖሊሱ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያይ በዚህ ቃል ልትኖር ቃል ግባልኝ ብሎ ለቀቀው። ይህን ታሪክ ለወጣቶቹ ስነግራቸው ሁሉም «ከዚያ ዳነ» የሚለውን ይጠብቃሉ። አልዳነም። ቃል ገብቶ ወጣ፣ ወደ ነበረበትም ተመለሰ። እኔ የዚህን ሰው ምስክርነት የምወድደው እንዲህ ያለውን ቦታ አሳምሮ ስለማያልፈው ነው።

ለውጡ ቆይቶ መጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተጋበዘና ሄደ፤ እዚያም እንደ እርሱ የሚለብሱ፣ እንደ እርሱ የሚያወሩ፣ እርሱ የሚሰማውን ሙዚቃ የሚያውቁ ክርስቲያኖች አገኘ። እስከዚያ ድረስ ክርስቲያን መሆን ማለት ሌላ ሰው መሆን ይመስለው ነበር። በ19 ዓመቱ አትላንታ በተደረገ አንድ ጉባኤ ላይ ስለ መስቀሉ ሲሰበክ ልቡ ተነካና ጌታን ተቀበለ። የተማረው ዴንተን በሚገኘው በሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከኔ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ አይሆንም። ከልጆቻችን መካከልም እዚያ የሚማሩ አሉ። ካመነም በኋላ ወድቆ ተነሥቷል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጌታን ካገኘ በኋላ ራፕ ይዞ የሄደበት ቦታ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ቤት ነው። በበጎ ፈቃድ እየሄደ ለታሰሩት ልጆች ያቀርብላቸው ነበር፤ ሙዚቃው አገልግሎት ሊሆን እንደሚችል የገባውም እነርሱ ሲሰሙት ባየ ጊዜ ነው። ደብዳቤ የጻፉት ወንድም ጭፈራ ቤት ያሉት ነገር የተጀመረው እስር ቤት ውስጥ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከቤን ዋሸር ጋር ሆኖ ሪች ሬከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ የመጀመሪያ አልበሙም በዚያው ዓመት ወጣ። በዙሪያው የተሰበሰቡት ልጆች 116 በሚል ስም ይታወቃሉ፤ «በወንጌል አላፍርምና» ከሚለው ከሮሜ 1፥16 የተወሰደ ነው። ልጆቻችን ቲሸርት ላይ ይህን ቁጥር ሲያዩ ጥቅሱን በቃላቸው ይሉታል። ከእርሱ በፊትም እንደ ፊላደልፊያው የራፕ ቡድን ክሮስ ሙቭመንት ያሉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መንገዱን የጠረጉ ነበሩ፤ ሌክሬ ከባዶ አልተነሣም።

ስለ ቢቱ የተባለውን ልመልስ። ራፕ ዜማ ስለሌለው መዝሙር አይባልም ተብሏል። አባቶቻችን ሲፎክሩ ዜማ ነበራቸው? ፉከራ ቃል በቃል ላይ እየተደረደረ፣ በትንፋሽ እየተለካ፣ ቤት እየመታ የሚወረወር ንግግር ነው። ፎካሪው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ፣ ምን አይቶ እንደመጣ በዚያ ይናገራል። የራፕ ቢትም ለንግግር የተነጠፈ መደብ ነው። ዋናው የሚወረወረው ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ ብዙ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንድ ጊዜ የአንዱን ዘፈን ግጥም አትሜ ለልጆቹ አድላለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣውን ሐሳብ ያሰምሩበታል፣ በኅዳጉም ምዕራፍና ቁጥር ይጽፋሉ። ገጹ ቀይ በቀይ ይሆናል። አንዳንዱ መሥመር ላይ ይከራከራሉ፣ ኤፌሶን ነው ሮሜ ነው እየተባባሉ ስልካቸውን ያገላብጣሉ። በስብከት ሰዓት አንገታቸውን ደፍተው ስልክ የሚነካኩት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ደግሞ ይህ ክርክር ለኛ ቤት አዲስ አይደለም። ጊታር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የአዝማሪ ዕቃ ነው ተብሎ ምን ያህል እንደተወገዘ እናቴ ትነግረኝ ነበር። ዛሬ ጊታር የሌለበት ኳየር ማን ያውቃል? በደርግ ዘመን ለእምነቱ ሲል ሰባት ዓመት የታሰረውን ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶን ዛሬ ስናስታውስ ምን ይዞ ዘመረ ብለን አንጠይቅም። መዝሙሮቹ ከምን መከራ ውስጥ እንደወጡ ስለምናውቅ ነው የሚያስለቅሱን። ለሌክሬም የምለምነው ይህንኑ መመዘኛ ነው።

ስለ ዝናው ብዙ አልልም፤ ጋዜጦች ሁሉ ጽፈውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ምርጥ የጎስፔል (የመንፈሳዊ መዝሙር) አልበም በሚለው ዘርፍ ግራሚ የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ሲያሸንፍ ለሂፕ ሆፕ አልበም የመጀመሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ያወጣው አልበም በመጀመሪያ ሳምንቱ 88,000 ያህል ቅጂ ተሸጦ የአሜሪካን አልበሞች ደረጃ የሚያወጣውን የቢልቦርድን ዋና ሰንጠረዥም የጎስፔሉንም በአንድ ጊዜ አንደኛ ሆኖ ያዘ፤ ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም።

እኔን የያዘኝ በዚያው አልበም ላይ ያለ አንድ ሥራ ነው። እዚያ ላይ ካመነ በኋላ ሴት ጓደኛው ከእርሱ ያረገዘችውን ልጅ እንድታስወርድ ማድረጉን፣ ወደ ክሊኒኩ በመኪና ይዟት መሄዱን፣ በልጅነቱም የደረሰበትን ጥቃት በራሱ አንደበት ይናገራል። በሰንጠረዡ አንደኛ በሆነበት ሳምንት ለሕዝብ ያወጣው ይህን ነው። ግጥሙን ለልጆቹ ላንብብ አላንብብ ብዬ ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ለትልልቆቹ ብቻ አነበብኩላቸው። ትምህርቱ አልቆ ወንበር ስናጣጥፍ አንዲት ልጅ ወደ ኋላ ቀርታ «እንዲህ ዓይነት ነገር ያደረገ ሰው እኛ ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ ይፈቀድለታል?» አለችኝ። ስለማን እንደምትጠይቅ አልጠየቅኋትም። ይፈቀድለታል አልኳት፣ ከዚያም አብረን ቁጭ ብለን እስክትጨርስ አዳመጥኋት። ወንድሜ ሆይ፣ ይህን በር የከፈተው ስብከቴ አይደለም፤ እርስዎ የነቀፉት ራፕ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2014 ፈርግሰን በምትባል የሚዙሪ ከተማ ማይክል ብራውን የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት በፖሊስ ተገደለ። ሌክሬ ሐዘኑን በአደባባይ ተናገረ። እስከዚያ ድረስ ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ነጭ ወንጌላውያን ነበሩ፤ ስለ ኃጢአትና ስለ ጸጋ ሲዘምር ያጨበጨቡለት ስለዚህ ሲያለቅስ ፊታቸውን አዞሩበት። ወንጌል ብቻ ስበክ፣ ፖለቲካ ተው አሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የነጻነት በዓል ቀን ባሪያዎች ጥጥ ሲለቅሙ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፎ በ1776 የነበሩት የእኔ ቤተ ሰዎች እነዚህ ናቸው በማለቱ የስድብ መዓት ወረደበት። ለኮንሰርቱ ይመጣ የነበረው ሕዝብም ቀነሰ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2017 ከነጭ ወንጌላውያን ጋር የነበረውን ትስስር እንደፈታ በቃለ ምልልስ ተናገረ።

በሚቀጥሉት ዓመታት ተሰበረ። ጭንቀትና ድባቴ ውስጥ ገባ፤ እምነቱ ራሱ ተናጋ። የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ መሄዱን አልደበቀም። ይህን ስል እንደ ነርስ ነው የምናገረው፤ ድባቴ የያዘው ልጅ ጸሎትም ሕክምናም ያስፈልገዋል፣ ከእኛ መካከል ግን አሁንም አንዱ ሌላውን የሚያስቀር የሚመስለን ብዙዎች ነን። ዘማሪ የሚባል ሰው ታምሜ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ መድኃኔ ዓለምም አልተወኝም ሲል የሰማ ልጅ ለእናቱ መናገር ይቀልለዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር ሰው በፖሊስ ከተገደለ በኋላ አትላንታ ውስጥ ፓሽን ሲቲ በምትባል ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘር የተደረገ ውይይት ላይ ተቀምጦ ነበር። ቺክፊሌ የተባለው የዶሮ ምግብ ቤቶች ድርጅት የዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ዳን ካቲ ከወንበሩ ተነሥቶ የሌክሬን ጫማ በብሩሽ ጠረገለት፤ ፓስተሩ ሉዊ ጊግሊዮ ደግሞ ባርነት ለነጮች በረከት አስገኝቷል የሚል አነጋገር ተጠቅሞ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያ መድረክ ላይ ለምን ዝም አልክ ብለው ደግሞ ጥቁሮቹ ወቀሱት። ቪዲዮውን ላየ ሰው የሌክሬ ፊት ብዙ ይናገራል። ለአንዱ ወገን ቁጡ፣ ለሌላው ወገን ለስላሳ ሆኖ መካከል ላይ ቀረ። ሆኖም እምነቱን አልጣለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 በአንድ ምሽት ሁለት ግራሚ ሲቀበል፣ አንዱ የዓመቱ ምርጥ የዘመናዊ ክርስቲያናዊ ሙዚቃ አልበም ሲባል፣ ልጆቹ መልእክት እየላኩልኝ ስልኬ ሲጮህ አመሸ። ከሽልማቱ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ከዚያ ሁሉ በኋላ ኢየሱስን ይዞ መገኘቱ ነበር።

ይህ ሁሉ የኛ ጉዳይ የሚሆነው ለምንድን ነው? ልጆቻችን ቤት ውስጥ ሐበሻ ናቸው፤ መንገድ ላይ መኪናቸውን ፖሊስ ሲያስቆማቸው ግን ጥቁር ናቸው። ያስቆማቸው ፖሊስ አማርኛቸውን አይሰማም። ፍሎይድ በተገደለበት ሰሞን ኮሮና ስለነበር የምንሰበሰበው በዙም ነበር። በዚያን ጊዜ በማገለግልበት አጥቢያ ወጣቶቹ አንድ ምሽት ስለዚህ ነገር ልንጸልይ፣ ልንነጋገር ፍቀዱልን ብለው ጠየቁ። ይህ ፖለቲካ ነው፣ በእኛ መድረክ አይነሣም ተባሉ። ለሌክሬ ከተሰጠው መልስ ጋር አንድ ነው፣ ቋንቋው ብቻ አማርኛ ሆነ። ከዚያ ምሽት በኋላ ካሜራቸውን አጥፍተው የቀሩ ልጆች አሉ፤ አዳራሹ ሲከፈትም አልተመለሱም። እስከ ዛሬ የምደውልላቸው አሉ።

ትምህርት ቤት ደግሞ ክርስትና የነጮች ሃይማኖት ነው፣ ባሪያ ፈንጋዮቹ ናቸው ያመጡት የሚላቸው ጓደኛ አለ። ይህ ጥያቄ ጥቁር አሜሪካውያን ክርስቲያኖችን ሁሉ የሚያስጨንቅ ነው፤ ሌክሬንም ሲያስጨንቅ ኖሯል። መልሱ ግን እኛ እጅ ላይ ነው ያለው! የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አምኖ ገንዘቡ ላይ መስቀል አስቀርጿል። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን የጫነችው የመጀመሪያዋ መርከብ ቨርጂኒያ የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1619 ነው። በመካከሉ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ አለ። ይህን አንድ ቅዳሜ በሰሌዳ ላይ ሁለቱን ዓመተ ምሕረት ጽፌ ስነግራቸው አንዱ ልጅ ፎቶ አንሥቶ ለጥቁር አሜሪካዊ ጓደኛው ላከለት፤ ጓደኛው በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሮት መጣ። ኦርቶዶክስም እንሁን ወንጌላዊ፣ ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ሳንነግራቸው ስለ ቢት የምንከራከርበት ጊዜ ከየት መጣ?

ከልጆቹ አንዱ ራሱ ራፕ ይጽፋል። አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ፣ በእሑድ ፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል። አንዱ ግጥሙ ስለ አባቱ ነው። አባትየው የጭነት መኪና ነጂ ስለሆኑ ሳምንቱን በመንገድ ላይ ነው የሚያሳልፉት፤ ልጁ የአባቱን የማታ ጸሎት የሚሰማው በስልክ ስፒከር ነው፣ ከጀርባው የሞተር ድምፅ አለ። ያንን የሞተር ድምፅ ቢት አድርጎ ሠርቶታል። ምስክርነት ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም። በወጣቶች ቀን ላቅርብ ብሎ ሲጠይቅ ሽማግሌዎች ግጥሙን ሳያነቡ ከለከሉት። ግጥሙን ታይፕ አድርጌ፣ የአማርኛ ትርጉሙን አያይዤ ለሁሉም ሰጥቻቸዋለሁ፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

ሁሉም ራፕ ይግባ ማለቴ አይደለም። ጥቅስ ጣል አድርጎ ስለ ጫማውና ስለ ሰዓቱ የሚያወራውን እኔም ለልጆቹ ውድቅ አድርጌ አሳያለሁ፤ ግጥሙ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ባዶነቱ ስለሚታይ ራሳቸውም ይስቁበታል። ሌክሬም በተናገረው ሁሉ አልስማማም፤ ቤተ ክርስቲያንን በወቀሰበት አንዳንድ ቦታ ቃሉ የበዛ ይመስለኛል። ልጅ ደግሞ ገና ሳይበስል መድረክ ላይ ቢወጣ አደጋ እንዳለው አውቃለሁ። ሌክሬን ያቆመው መጽሐፍ ቅዱስ አብረውት ያጠኑ፣ ሲወድቅ ያነሡት ወንድሞች መኖራቸው ነው። ስለዚህ ለየአጥቢያው ሽማግሌዎች የማቀርበው ጥያቄ እነዚህ ልጆች የሚጽፉትን ቀርቦ የሚያነብ፣ የሚያርምና አብሮ የሚጸልይ አንድ ሰው እንዲመደብላቸው ነው። በጀት አይጠይቅም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ደብዳቤውን ለጻፉት ወንድምም ግብዣ አለኝ። ዳላስ አካባቢ ከሆኑ አንድ ቅዳሜ ይምጡና ከልጆቹ ጋር ግጥም ያንብቡ፤ ሐሳብዎንም ለእነርሱ ይንገሯቸው፣ በአክብሮት ይሰሙዎታል። ክቡር አዘጋጅ፣ እርስዎንም አንድ ነገር ልለምን፦ ስለ ወጣቶች በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ላይ ራሳቸው ወጣቶቹ እንዲጽፉ ቦታ ይስጧቸው። አማርኛቸው የተሟላ ላይሆን ይችላል፤ ፊደል የሚያርምላቸው እኔ አለሁ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ በሚቀጥለው ወር እልክልዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የወጣቶች አገልጋይ
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ